ተራ ቁጥር ሰባት

«ጥንድ ጥንድ ሁኑ» ሲባል አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ወንበሩን ወደ ጎረቤቱ አዞረ፤ እኔ ወደ ማን እንደማዞር አጣሁ። ሠላሳ አንድ ነበርን። አንድ ሰው እንደሚተርፍ ቁጥር የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያ ሰው ማን እንደሚሆን ግን እኔ ገና በሩ ላይ ስፈርም ገምቼው ነበር።

ሥልጠናው ለጎልማሶች ትምህርትና ለእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን የተዘጋጀ የሙያ ማሻሻያ ነው። ስድስት ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት፣ አዲሱ ገበያ አጠገብ ባለ የትምህርት ቤት አዳራሽ። አብዛኞቹ ሠልጣኞች ልጆቼ የሚሆኑ ናቸው፤ በቅጡ ሳይተዋወቁ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተው በሻይ ሰዓት ስልካቸውን እያዩ ይሳሳቃሉ። እኔ ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በኮንትራት አንድ የጎልማሶች የእንግሊዝኛ ክፍል ይዤ አስተምር ነበር፤ ለሥልጠናው የተላክሁትም በዚያው ምክንያት ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ያስተማረች ሴት «እንዴት እንደሚያስተምሩ ይማሩ» ስትባል ደስ አይላትም። እኔም ደስ አላለኝም፤ ፊቴም አልደበቀውም።

በመጀመሪያው ቀን ባለ ቀለም ቁራጭ ወረቀት ታደለንና «ከሥልጠናው የምትጠብቁትን ጽፋችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉ» ተባልን። እኔ «ቶሎ እንዲያልቅ» ብዬ ለጠፍሁ። ስም አይጻፍበትም ብዬ ተማምኜ ነበር። አሠልጣኟ ወረቀቶቹን ጮክ ብላ ስታነብ የእኔ ላይ ስትደርስ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ያልሳቀች አንዲት ሴት ብቻ ስለነበረች ማን እንደጻፈው ሁሉም ዞሮ አየ። ከዚያ «እንቅልፋችንን እናባርር» ተብለን ቆመን፣ መጀመሪያ በአንድ ጣት፣ ቀጥሎ በሁለት፣ በኋላ በሙሉ እጅ እያጨበጨብን የዝናብ ድምፅ እንድናወጣ ተደረገ። በዚህ ዕድሜዬ ዝናብ ሆንሁ።

ጥንድ ያጣሁት ከዝናቡ ቀጥሎ ነው። አሠልጣኟ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ጠጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች ወጣት፣ ወደ እኔ መጥታ «አይዞዎት፣ ከእኔ ጋር ይሆናሉ» ስትል በሩ ተከፈተና አንድ ወጣት መምህር እያለከለከ ገባ። ጃኬቱ አቧራ፣ ጫማው ጭቃ ነው። ሸጎሌ ላይ የከብት መኪኖች መንገድ ዘግተው ታክሲው ቆሞ እንደነበር እየተንተባተበ ተናገረ። እዚያው ሸጎሌ ለከብት ነጋዴዎችና ለደላሎች እንግሊዝኛ ያስተምራል። ባዶ ወንበር ያለው እኔ አጠገብ ብቻ ነበር፤ መጥቶ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ ጥንድ አለዎት?» አለኝ።

«የለኝም» አልሁት።

ስለ ሥልጠናው እንደጠየቀኝ አውቃለሁ። ቃሉ ግን ከአፌ ሲወጣ ከበደኝ፤ ለትንሽ ጊዜም ወረቀት የምፈልግ መስዬ ቦርሳዬ ውስጥ አቀረቀርሁ።

በሁለተኛው ቅዳሜ አሠልጣኟ ሰሌዳው ላይ «ግልጽ ነው?» ብላ ጻፈችና ከላዩ ላይ ትልቅ መስቀለኛ ምልክት አደረገችበት። «ይህን ጥያቄ ከዛሬ ጀምሮ አትጠይቁ» አለች። «የእኛ አገር ሰው መምህሩን ማሳፈር አይወድም። ያልገባውም በይሉኝታ ‹አዎ› ይላል፤ እናንተም ደስ ብሏችሁ ታልፋላችሁ። ሌላ ነገር ጠይቁት። ከጠየቃችሁ በኋላ ደግሞ ጠብቁ። ዝም ሲባል አትደንግጡ፤ እናንተው አትመልሱለት።»

ወጣቶቹ ጻፉ። እኔ በልቤ የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ አልሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ «ኢዝ ኢት ክሊር?» ስል ክፍሉ በአንድ አፍ «የስ!» እያለኝ፣ እኔም በኩራት ሰሌዳዬን ሳጠፋ ኖሬአለሁ። ከእነዚያ ሁሉ «የስ»ዎች ውስጥ ስንቱ የይሉኝታ እንደነበር ማሰብ አልፈለግሁም።

በማግሥቱ እሑድ ልጄ ደወለች። አንድ ልጅ ናት ያለችኝ፤ ጅማ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፣ እዚያው ትዳር ይዛለች። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳትደውል ቀርታ አታውቅም።

«እማ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«በቃ ሰላም ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆቹስ?»

«ደህና ናቸው። እሺ በቃ እማዬ፣ ራስሽን ጠብቂ።»

ስልኩ ሲዘጋ ምን ያህል እንደተነጋገርን ቁጥሩን ያሳያል። ሦስት ደቂቃ ሞልቶ አያውቅም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ጉዱ ፈላ። ጥንዶች አንዳቸው የሌላውን ክፍል ሄደው እንዲያዩ ታዘዘ። ከኋላ ተቀምጠው ትምህርቱን ይከታተላሉ፤ ከዚያ የተገኘውን ተማሪ ብዛት፣ ተማሪው ምን ያህል እንደተሳተፈና መምህሩ ምን እንደጠየቀ በቅጽ ሞልተው ለአሠልጣኟ ይሰጣሉ። ቅጹ ከእሷ አልፎ ክፍሎቹን ወደሚቆጣጠረው ቢሮ ይሄዳል። ጥንዴ ደስ አለው። «የእርስዎን ክፍል ለማየት ጓጉቻለሁ» ሲለኝ «መጀመሪያ እኔ ያንተን ልይ» አልሁት።

ምክንያቱን ልናገር። በስም መጥሪያ መዝገቤ ላይ ሃያ ሦስት ተማሪ ነበረኝ። ክፍሌ ውስጥ ግን አንድ።

መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም። ልብስ ሰፊዎች፣ ባለ ሱቆች፣ ከቀጨኔ የሚመጡ ሸማኔዎች፣ የጥበቃ ሠራተኞች፣ ለልጅ በተሠራ ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ይቀመጡልኝ ነበር። ኋላ መንገዱ ሊሰፋ የዳሩ ቤቶች ተነሡ፤ ሰዉም ወደ ከተማው ዳር ተበተነ። ከእኔ ቤት በላይ የነበሩት ጎረቤቶቼ ሄዱ፤ ከታች የነበሩትም ሄዱ፤ እድራችን ሰው አጥሮት ከሌላ እድር ጋር ተቀላቀለ። ተማሪዎቼ እየደወሉ «ቲቸር፣ ሩቅ ሆነብን እንጂ እንመጣለን» ይሉኛል። እንመጣለን ካሉ ብዬ ተገኝተዋል የሚል ምልክት አደረግሁላቸው። ለአንድ ሳምንት ብዬ ነበር የጀመርሁት። ከዚያ በኋላ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ ባዶ ዴስክ ፊት ቆሜ በየቀኑ ሃያ ሦስት ምልክት ማድረግ ልማዴ ሆነ። ከአሥር ሰው በታች ያለው ክፍል ይዘጋላ!

ለደመወዙ ብዬ አልነበረም፤ ጡረታዬ ለአንድ ሰው ይበቃል። ያ ክፍል ከተዘጋ ከእሑድ እስከ እሑድ «ቲቸር» ብሎ የሚጠራኝ ሰው አይኖርም። ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከሰው ጋር የምነጋገረው በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር። ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋ ድምፄ ራሱ እስከ ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ሥራ ይፈታል።

ሌላም ነገር አለ። ተራ ቁጥር ሰባት ባለቤቴ ነው።

ክፍሉ እንዲከፈት ሃያ ሰው መመዝገብ ነበረበት፤ አሥራ ዘጠኝ አግኝቼ አንድ ጎደለኝ። ባለቤቴ ዕድሜውን በከባድ መኪና ሹፌርነት የጨረሰ ሰው ነው። መታወቂያውን ይዞ መጣና ተመዘገበ፤ በፊደል ተራ ሰባተኛ ላይ ዋለ። «ከመኪናዬ ጋር በጣልያንኛ ስንግባባ ኖረናል፤ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ጎሚስታ! በእርጅና ደግሞ እንግሊዝኛ ልጨምር» ብሎ ሳቀብኝ። በየቀኑ መጥቶ ከኋላ በር አጠገብ ይቀመጣል። እንግሊዝኛ አንድም አልያዘም። ስም ስጠራ ሌላው «አቤት» ሲል እሱ ቤት ስጠራው እንደለመደው «ወዬ!» ይላል፤ ክፍሉ ይስቃል፤ እኔ እቆጣለሁ፤ በነጋታው ያንኑ ይደግመዋል።

ከሥልጠናው አንድ ዓመት ከሁለት ወር በፊት፣ አንድ ጠዋት የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ እንዳለ አልተነሣም። ከለቅሶው በኋላ ክፍል ስመለስ ስም ጠራሁ። ስሙ በለመደ አፌ ወጣ። መልስ የለም። እጄ ግን ምልክቱን አደረገ። በአርባው፣ በሰማንያው፣ በሙት ዓመቱ ለመጣው ሰው ሁሉ ምግብ አቅርቤአለሁ፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲሉኝ «አሜን» ብያለሁ። መዝገቡ ላይ ግን ባለቤቴ አንድ ቀን እንኳ ቀርቶ አያውቅም።

ይህን በየቀኑ ቁጭ ብላ የምትሰማው ያችው አንዷ ተማሪዬ ነበረች። ወሎዬ ናት፤ ከትምህርት ቤቱ ዝቅ ብሎ ባልዲ፣ ሳፋና ጄሪካን የምትሸጥበት ሱቅ አላት። እንግሊዝኛ የጀመረችው የዕቃዎቿ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ነው። «በጥንቃቄ ያንሱ» የሚለውን ማንበብ የቻለች ዕለት «ጫኞቹ ማንበብ አይችሉ፤ ታዲያ ለማን ነው የሚጽፉት?» ብላ አስቃኛለች። በየቀኑ ሃያ ሦስት ስም እጠራለሁ፤ እሷ በአሥራ ዘጠነኛው ላይ «አቤት» ትላለች፤ ከዚያ ወደ ትምህርታችን እንገባለን። ለምን ባዶ ዴስክ እንደምጠራ አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።

መጀመሪያ እኔ የጥንዴን ክፍል ልይ ብዬ አንድ ማክሰኞ ሸጎሌ ሄድሁ። ክፍሉ በር ላይ ስደርስ ጠብ የተነሣ መስሎኝ ነበር። ለካ ወረቀት ላይ በተሳለ በግ እየተከራከሩ ነው። አንዱ ይሸጣል፣ አንዱ ይገዛል፣ ደላላው መሀል ገብቶ እጅ ያያይዛል፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ፣ የጎደለውን በአማርኛ እየሞሉ። ጥንዴ «ግልጽ ነው?» አላለም። «በል ግዛው» ይላል፤ የገዛ ገባው ማለት ነው። በቅጹ ላይ የምነቅፈው ሳጣ «የሰሌዳ ጽሑፉ ደቃቃ ነው» ብዬ ጻፍሁ። እንዳልጽፈውም ይሉኝታ አልያዘኝም፤ ቅናት ክፉ ነው። ስመለስ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» እያለ ሲጮህ የእኔን ሰፈር አልፌ ሄድሁ።

እሱ ወደ እኔ የሚመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው። ሰኞ ዕለት ለተማሪዬ ነገርኋት።

«ሐሙስ እንግዳ አለን። መምህር ነው። ከኋላ ተቀምጦ ያያል፣ ይጽፋል።»

ዞር ብላ ባዶዎቹን ዴስኮች አየች። ለብልህ አይነግሩም።

«ስንት ሰው መሆን አለበት?»

«ከአሥር በላይ» አልሁ፤ አፌ አምልጦኝ።

«አብሽሩ ቲቸር» አለች፤ አይዞዎት ማለቷ ነው። ደብተሯን ዘግታ ሱቋን ልትከፍት ሄደች። እኔ ነገሩን እንደ ማጽናኛ ብቻ ወሰድሁት።

ረቡዕን ስዘጋጅ አመሸሁ። ለትምህርቱ አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር ነው። በር ላይ አስቁሜው «ልጄ፣ ተማሪዬ አንድ ናት፤ መዝገቡ ውሸት ነው፤ እንደፈለግህ ጻፍ» ልለው ቆርጬ፣ መስታወት ፊት ቆሜ ሦስት ጊዜ ተለማመድሁ። ሐሙስ ግን ከሰዓቱ ቀድሞ መጣ። ግቢ ውስጥ ሰላም ስንባባል፣ ስለ ታክሲ ሲያወራኝ፣ ንግግሬን ሳልጀምር ክፍሉ ደረስን። በሩን ከፈትሁት።

ክፍሉ ጢም ብሏል።

ጫማ ነጋዴው አለ። ሁለት በርበሬ ሻጮች አሉ። ተማሪዬ ከመርካቶ ዕቃ የሚያመጣላት ሹፌር፣ አራት ጫኝና አውራጆች፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ፣ መቁጠሪያ የያዙ እማሆይ ሁሉ ተቀምጠዋል። ግማሾቹን በመንገድ ሰላምታ አውቃቸዋለሁ፤ አንዳቸውም ተማሪዬ ሆነው አያውቁም። አቀማመጣቸውን ሳይ ነገሩ ገባኝ። ሴቶች በአንድ ወገን፣ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው፣ ድምፅ ሳያሰሙ። ልክ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ እንደሚቀመጡት። ተማሪዬ «አንዲት ሴት ብቻዋን እንዳትሆን ተቀመጡላት» ብላ ስትጠራቸው፣ ያን ጊዜ እንዴት እንደሚኮን ስለሚያውቁ፣ እንደሚያውቁት ሆነው መጥተዋል።

ስገባ ሁሉም ብድግ አሉ። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አስተካክለው «አላህ ያጽናሽ» አሉኝ። አጠገባቸው ያለው ሹፌር በክርኑ ጎሸማቸው።

ጥንዴ ቦታ ፍለጋ ወደ ኋላ ሄደ። በዚያ ሙሉ ክፍል ውስጥ አንድ ክፍት ቦታ ነበረ፤ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ። ሊቀመጥ ሲል ተማሪዬ ከመስኮቱ ጥግ ተነሣችና «እዚያ አይደለም፣ እዚህ ይሁኑ» ብላ የራሷን ቦታ ለቀቀችለት። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ያኔ ልብ አላልሁትም።

ስም መጥራቱን ዘልዬ በቀጥታ ማስተማር ጀመርሁ። ስለ ገበያ ጥቂት ቃል ጻፍሁና በለመደ አፌ «ኢዝ ኢት ክሊር?» አልሁ። ተማሪዬ ከግድግዳው ዳር ትንሽ አገጯን ነቅነቅ አደረገች።

«የስ!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

አንዱን ጫኝ ስሙን በእንግሊዝኛ ጠየቅሁት። «የስ!» አለኝ፤ ቆሞ፣ ደረቱን ነፍቶ። እማሆይን ምን እንደሚሸጡ ጠየቅሁ። «የስ፣ ልጄ» አሉኝ በትሕትና። ጥንዴ ቅጹ ላይ አጎንብሶ ይጽፋል። ዓመት ሙሉ ለሃያ ሰው አንዲት ቃል ያላስተማረች ሴት እያየ ነው። እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን ትተው ነው የመጡልኝ፤ ልቆጣቸውም አልችልም። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል፤ የእኔን ሸክም ግን ሃያ ሆነው ሲያነሡት የባሰ ገደል ሊከቱት ነው።

«ቲቸር፣ ስም አልተጠራም» አለች ተማሪዬ።

ሰዉ ሁሉ ቀና አለ። ለካ አንድ አንድ ስም አድላቸው፣ ሲያጠኑ ነው የሰነበቱት። ሌላ ማምለጫ አልነበረኝም፤ መዝገቡን ገለጥሁ።

አንድ አልሁ። «አቤት!» አለ ጫማ ነጋዴው። ሁለት፣ «አቤት!»፤ ሦስት ወንድ ነው፣ እማሆይ «አቤት» አሉ። ጥንዴ ቀና ብሎ አያቸውና ወደ ቅጹ ተመለሰ። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ምልክት፣ ምልክት፣ ምልክት።

ሰባት። ስሙን ጠራሁ።

ማንም አልመለሰም።

የረሳ ሰው ያለ መስሎኝ ቀና አልሁ። ማንም የረሳ አይመስልም። ጫኞቹ መሬት ያያሉ። በርበሬ ሻጮቹ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገዋል። ያ ክፍት ቦታ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ አለ። ተማሪዬን አየኋት፤ እሷም አየችኝ፤ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም። የቀሩትን ስሞች ሁሉ ስታድል ይህን አንዱን ለማንም አልሰጠችም። ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ስሙን ስጠራ፣ ብዕሬ ወረቀቱ ላይ ሲያልፍ ስትሰማ ኖራ፣ አንዲት ቃል ሳትናገር አውቃልኝ ኖሯል። እኔ ደግሞ የሚያየኝ የለም ብዬ ተደብቄ ነበር።

እንዲያ ያለ ዝምታ ሲመጣ እኔ ራሴ መመለስ ልማዴ ነው። ብዕሬን እስከ ወረቀቱ አደረስሁት። ከዚያ ጠበቅሁ። ከግቢው የልጆች ኳስ ድምፅ ይሰማል። አንድ «ወዬ» ብቻ ነበር የፈለግሁት። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፣ አልመጣም። ተራ ቁጥር ሰባት ላይ የቀሪ መስቀለኛ ምልክት አደረግሁ።

ከዚያ አለቀስሁ። ተማሪ ፊት፣ እንግዳ ፊት፣ ጠመኔ በጄ ይዤ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስሁ። በዚህ ጊዜ ምን እንደሚደረግ እንግሊዝኛ የማያውቁት እንግዶቼ ከእኔ በላይ ያውቁ ነበር። ማንም ተሯሩጦ አልመጣም፤ ማንም ዝም በይ አላለኝም። ተቀምጠው አስለቀሱኝ። እማሆይ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ሽማግሌው እንደገና «አላህ ያጽናሽ» አሉ፤ በዚህኛው ጊዜ የጎሸማቸው ሰው አልነበረም።

«አሜን» አልሁ።

ሰዉ አንድ አንድ እያለ ጨብጦኝ ወጣ። ተማሪዬ ጠጋ አለችኝ።

«አበላሸሁብዎት» አለች።

«አላበላሸሽም።»

«በለቅሶው ቀን መጥቼ ነበርኮ። እርስዎ ቆመው ሰው ያበሉ ነበር። እንባ አላየሁብዎትም። ይች ሰው መቼ ልታለቅስ ነው ስል ነው የኖርሁት» አለች። ከዚያ ሱቋን ጎረቤት እንደጠበቀላት ትዝ አላትና ሻርፗን አስተካክላ ቸኩላ ሄደች።

ጥንዴ ቅጹን ይዞ ቆሟል። ሁሉንም ነገርሁት፤ መስታወት ፊት እንደተለማመድሁት ሳይሆን እንደመጣልኝ። ሲሰማኝ ቆየና «እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው። ሃያ ሁለት ሰው አይቻለሁ፤ ውሸት አይሆንም» አለ። ልቡ ጥሩ ልጅ ነው። እሺ ብዬው ቢሆን ክፍሌ ለአንድ ዓመት ይተርፍ ነበር።

«አንድ ብለህ ጻፍ» አልሁት። «አንድ ናት፣ ጎበዝ ናት፣ ብለህ ጻፍ። መዝገቡንም እኔው አስረክባለሁ።»

ለምን እንዲያ እንዳልሁ ያን ቀን ብጠየቅ አላውቀውም ነበር። አንዱን እውነት ከጻፍሁ በኋላ የቀሩትን ሃያ አንድ መዋሸት አቃተኝ፤ ይኸው ነው።

ክፍሉ ተዘጋ። ቢሮው ብዙ አልተቆጣኝም፤ መዝገቡን ተቀብለው አስፈረሙኝና አመስግነው ሸኙኝ። ተማሪዬ አሁን ማክሰኞና ሐሙስ በታክሲ ሸጎሌ እየሄደች ከበግ ደላሎች ጋር ትማራለች። ሱቋ በኩል ሳልፍ «ጎበዝ መምህር ነው፤ ግን ይዘላል፣ አንድ ቦታ አይቆምም» ትለኛለች። በስድስተኛው ቅዳሜ ሠላሳ ሁለታችንም የምስክር ወረቀት ተሰጠን። የእኔን ቤት ወስጄ የት እንደማደርገው አጥቼ ጠረጴዛው ላይ ተውሁት። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እግሬ ይነሣል፤ ከግቢው በር እደርስና እመለሳለሁ።

ክፍሉ በተዘጋ ሳምንት እሑድ ልጄ እንደወትሮው ደወለች።

«እማ፣ ደህና ነሽ?»

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። አላወጣሁትም። ዝም አልሁ፤ እሷም ወትሮ ስትቸኩል ዝም አለች።

«አባትሽ እኮ ሞተ» አልኋት።

አብረን ነው የቀበርነው። አፈር ሲመለስበት በአንድ እጇ እኔን፣ በአንድ እጇ ልጇን ይዛ ቆማ ነበር። አውቃለሁ አላለችኝም። ትንፋሿ ሲቆራረጥ ተሰማኝ።

«አዎ፣ እማዬ» አለች። «ሞተብን።»

በዚያ እሑድ ስልኩ ከሦስት ደቂቃ በላይ ቆየ።